የላም ጂኖም ግማሹ ከየት መጣ? ስለ ተንቀሳቃሽ የዲኤንኤ ቁራጮችና ስለ አመዳደባቸው

እ.ኤ.አ. በ2015 ጀርመን ውስጥ የሆልስታይን ላም አርቢዎችን ግራ ያጋባ በሽታ ይፋ ሆነ። ሲወለዱ ጤነኛ የሚመስሉ ጥጆች ብዙ ሳይቆዩ የማያቋርጥ ተቅማጥ ይይዛቸዋል፤ ቢታከሙም አይሽላቸውም፤ እየጠቡ ይከሳሉ፤ ከዚያም ይሞታሉ። ደማቸው ሲመረመር ኮሌስትሮል ከሞላ ጎደል የለም። የዘር ሐረጋቸው ወደ ኋላ ሲቆጠር ደግሞ በአባትም በእናትም በኩል የሚገናኘው በአንድ ኮርማ ላይ ነበር፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1991 ካናዳ ውስጥ የተወለደው ማውሊን ስቶርም ነው።

ብዙ ጊዜ የዘር በሽታ ሲባል አንድ የዲኤንኤ ፊደል በሌላ ተተክቶ የሚመጣ ስሕተት ይታሰበናል። እዚህ የተገኘው ግን ሌላ ነገር ነው። ስብ በደም ውስጥ እንዲጓጓዝ የሚያደርገውን ፕሮቲን የሚያዘው ኤፒኦቢ የተባለው ዘረመል መጀመሪያው አካባቢ 1,299 ፊደል የሚረዝም ባዕድ ጽሑፍ ተሰክቶበት ነበር። ፕሮቲኑ ገና ከመጀመሩ ትርጉም የሌለው ቃል ውስጥ ይገባና ይቋረጣል። ከሁለቱም ወላጆቹ ይህን የተበላሸ ቅጂ የወረሰ ጥጃ ከጠባው ወተት ስቡን ወደ ደሙ ማስገባት አይችልም፤ ሆዱ ሞልቶ በረሃብ ይሞታል ማለት ነው።

ያ ባዕድ ጽሑፍ ከውጭ በቅርብ የመጣ አይደለም። ከጥንት ጀምሮ በከብት ጂኖም፣ ማለትም በጠቅላላ ዲኤንኤው፣ ውስጥ በብዙ ቅጂ ተሰራጭቶ የኖረ፣ ከቦታ ወደ ቦታ የመዘዋወር ችሎታ ያለው የዲኤንኤ ቁራጭ ነው። በሙያው ትራንስፖዞን ይባላል፤ እኔ በዚህ ጽሑፍ ተንቀሳቃሽ ቁራጭ እያልሁ እቀጥላለሁ።

የእነዚህ ቁራጮች ብዛት መጀመሪያ ለሰማው ሰው የሚታመን አይመስልም። ወደ 2.7 ቢሊዮን ፊደል ከሚሆነው የላም ጂኖም ውስጥ ፕሮቲን የሚያዘው ክፍል ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ያህል ብቻ ሲሆን፣ ተንቀሳቃሽ ቁራጮችና ፍርስራሻቸው ግን ግማሽ ያህሉን ይይዛሉ። በበግና በፍየልም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ በአሳማ ወደ 40 በመቶ ይጠጋል፤ በዶሮ ደግሞ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የዶሮ ጂኖም ከላሟ ጂኖም ግማሽ የማይሞላበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ ክምችት «ቆሻሻ ዲኤንኤ» ብሎ ማለፍ ለብዙ ዓመታት የተለመደ ነበር። አሁን አሁን ደግሞ አንዳንዶች ወደ ተቃራኒው ጫፍ ሄደው እያንዳንዱ ቁራጭ ሥራ ያለው አድርገው ያወራሉ። ሁለቱም የተጋነኑ ናቸው። አብዛኛው ቁራጭ በእርግጥም የሞተና የዛገ ነው፤ ጥቂቱ ግን ጥጃ ይገድላል፣ የእንቁላል ቀለም ይቀይራል፣ የበግ ጽንስ በማሕፀን እንዲያድግ ያግዛል። የትኛው ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማወቅ መጀመሪያ ዓይነቱን መለየት ያስፈልጋል፤ የምደባው ነገር የሚያስጨንቀውም ለዚህ ነው።

ዲኤንኤ ቦታ ሊቀይር እንደሚችል በመጀመሪያ ያሳየችው አሜሪካዊቷ ባርባራ ማክሊንቶክ ናት። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የበቆሎ ፍሬዎችን ዝንጉርጉርነት እያጠናች፣ ቀለሙን የሚያጠፋና መልሶ የሚያበራ ነገር በክሮሞሶም ላይ እንደሚዘዋወር ደረሰችበት። በጊዜው ብዙ የሚቀበላት አላገኘችም፤ የኖቤል ሽልማቱ የመጣላት እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ከዚያ በኋላ በየፍጥረቱ ውስጥ የተገኙት ቁራጮች በሺዎች የሚቆጠሩ ስም ስላወጡ ሥርዓት አስፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1989 ዴቪድ ፊኔጋን ሁሉንም በአንድ ጥያቄ ለሁለት ከፈላቸው፦ ቁራጩ ሲዘዋወር በአርኤንኤ፣ ማለትም ከዲኤንኤ በሚገለበጥ ጊዜያዊ ቅጂ፣ በኩል ያልፋል ወይስ አያልፍም?

ነገሩን በብራና ጽሕፈት መመሰል ይቻላል። አንድ ቁም ጸሐፊ መጽሐፍ ሲገለብጥ አንዲት አንቀጽ «እኔን በሌላ ወረቀት ጻፈኝ፤ ከዚያም ያንን ወረቀት አይተህ ሌላ ገጽ ላይ ድገመኝ» የሚል ትእዛዝ በውስጧ ብትይዝ፣ መጽሐፉ በተገለበጠ ቁጥር አንቀጿ እየበዛች ትሄዳለች፤ የመጀመሪያዋም ከቦታዋ አትነሣም። አንደኛው መደብ ይህ ነው፤ መካከል ላይ ያለው ወረቀት አርኤንኤ ነው። ሁለተኛው መደብ ደግሞ ከገጹ ተቀዶ ወጥቶ ሌላ ገጽ ላይ የሚሰፋ ቅጠል ይመስላል፤ ቦታ ይለውጣል እንጂ በራሱ አይበዛም። በቤት እንስሳት ጂኖም ውስጥ አንደኛው መደብ ሁለተኛውን በብዙ እጥፍ የሚበልጠው በዚህ ምክንያት መሆኑን ከምሳሌው መረዳት አያስቸግርም።

አንደኛው መደብ ውስጥ ለከብት ነገር ዋናው ላይን የተባለው ወገን ነው። ላይን የራሱን መገልበጫ ይዞ ይዞራል፤ ማለትም አርኤንኤን መልሶ ወደ ዲኤንኤ የሚቀይር ኢንዛይምና የሚኖርበትን እንስሳ ዲኤንኤ የሚሰነጥቅ ኢንዛይም እንዲሠራ የሚያዝ ጽሑፍ በውስጡ አለ። አጥቢ እንስሳት ውስጥ በሰፊው የሚገኘው ኤል1 የተባለው ላይን ሲሟላ ስድስት ሺህ ፊደልና ከዚያም በላይ ይረዝማል። ይሁንና የተሟላ ቅጂ ማግኘት ብርቅ ነው፤ ምክንያቱም ገልባጩ ኢንዛይም ሥራውን የሚጀምረው ከጅራቱ ሲሆን ብዙ ጊዜ ራሱ ጋ ሳይደርስ ይቆማል። ውጤቱ ራስ የሌላቸው፣ ጅራታቸው ግን ያልጎደለ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቅጂዎች ናቸው። ራስ የሌለው ቅጂ ደግሞ የማስጀመሪያ ትእዛዙ ስለሌለው ከዚያ በኋላ አይንቀሳቀስም። በዶሮ ውስጥ የሚበዛው ሲአር1 የተባለው ላይንም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው፤ ከ200,000 በላይ ቅጂ አለው፤ አብዛኛው ግን ቁርጥራጭ ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያሳስት አንድ የስም መመሳሰል አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነው የመጀመሪያው የላም ጂኖም የተነበበው «ኤል1 ዶሚኔት 01449» ከተባለች የሄርፎርድ ላም ነው። ስሟ ላይ ያለው ኤል1 ከተንቀሳቃሹ ቁራጭ ጋር ምንም አይገናኝም፤ በሞንታና ግዛት ማይልስ ሲቲ አጠገብ ባለው የምርምር ጣቢያ ለረጅም ዘመን እርስ በርሱ ሲራባ የኖረው «አንደኛ መስመር» የተሰኘ መንጋ መለያ ነው።

ከላይን ጎን የሚኖረው ሳይን ነው። ሳይን አጭር ነው፤ ከ500 ፊደል አይበልጥም፤ የራሱ ብዕርም የለውም። ላይን የሠራውን ኢንዛይም ጠልፎ ራሱን ያስገለብጣል። ይህን የሚያደርግበት ዘዴ ከላም በተገኘው ቦቭ-ቲኤ በተባለው ሳይን ላይ በግልጽ ይታያል፤ ራሱ የተወሰደው አሚኖ አሲድ ከሚያመላልሰው ቲአርኤንኤ ሲሆን፣ ጅራቱ ግን ቦቭቢ ከተባለው ላይን ጅራት የተቀዳ ነው። የቦቭቢ ኢንዛይም የራሱን ጅራት ያየ መስሎት ይይዘውና ይገለብጠዋል።

በእኔ አስተያየት ከምደባው ሁሉ ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ቦታ ነው። ሳይን የሚለው ስም አኗኗርን እንጂ ትውልድን አይናገርም። ትልና መዥገር ሁለቱም ጥገኛ ይባላሉ፤ በዚህ ምክንያት ግን ዘመዳሞች አይደሉም። የላም ሳይን፣ የአሳማው ፒአርኢ-1 እና «አሉ» የተባለው የሰው ልጅ ቁራጭ ሁሉም ሳይኖች ሲሆኑ፣ የሰው «አሉ» ከቲአርኤንኤ ሳይሆን 7ኤስኤል ከተባለ ሌላ አርኤንኤ የወጣ ነው። ስለዚህ የአንዱን እንስሳ የሳይን መዝገብ ወስዶ በሌላው ጂኖም ላይ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ሳያየው ያልፋል።

የቦቭቢ ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ቦቭቢና ከእሱ የተወለዱት ሳይኖች በአንድ ላይ ሲቆጠሩ የላም ጂኖም ሩብ ያህሉ ይሆናሉ። እንዲህ የበዛ ነገር የላሟ የጥንት ርስት ነው ብሎ ማሰብ ቀላል ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለት የስሎቬንያ ተመራማሪዎች፣ ዱሻን ኮርዲሽና ፍራንክ ጉበንሼክ፣ የእባብና የአመስኳ እንስሳት ቦቭቢ ሁለቱ እንስሳት በዘር ከተለያዩበት ዘመን ጋር በማይጣጣም መጠን እንደሚመሳሰል አሳዩ። እባብና ላም የጋራ ቅድመ አያት የነበራቸው ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ በዚያ ርቀት ላይ ያለ ጽሑፍ እንዲያ ሊመሳሰል አይችልም። የቀረው ማብራሪያ ቁራጩ ከወላጅ ወደ ልጅ ሳይሆን ከአንዱ ፍጥረት ወደ ሌላው በቀጥታ ተሻግሯል የሚለው ነው። እንዴት ተሻገረ ለሚለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት አንድ ፍንጭ ሰጠ፤ ይኸው ቦቭቢ በእንሽላሊትና በእባብ ላይ በሚጣበቁ መዥገሮች ጂኖም ውስጥ ተገኘ። መዥገር ከአንዱ ደም ጠጥቶ ሌላው ላይ የሚጣበቅ በመሆኑ ዋነኛው ተጠርጣሪ ሆኗል፤ በድርጊቱ ላይ እጅ ከፍንጅ የያዘው ግን የለም። ምደባው ትክክል ባይሆን ኖሮ፣ ማለትም ተመራማሪዎቹ የላሟንና የእባቡን ቁራጭ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ጎን ለጎን ባያስቀምጡ ኖሮ፣ ጥያቄው ራሱ አይነሣም ነበር።

አንደኛው መደብ ውስጥ ሦስተኛው ትልቅ ወገን ኤልቲአር ያላቸው ናቸው። በሁለቱ ጫፎቻቸው ላይ አንድ ዓይነት ረጅም ጽሑፍ ይደገማል፤ ኤልቲአር የሚባለውም ያ ድግግሞሽ ነው። በቤት እንስሳት ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ውስጣዊ ሬትሮቫይረሶች ናቸው፤ ሬትሮቫይረስ የአርኤንኤ ጽሑፉን ወደ ዲኤንኤ ቀይሮ በያዘው ሕዋስ ጂኖም ውስጥ የሚሰካ ቫይረስ ነው፤ ጥንት የእንስሳውን የእንቁላል ወይም የዘር ፍሬ ሕዋስ የለከፈ ቫይረስ እዚያው ቀርቶ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚወረስ ሆኗል ማለት ነው። የሆልስታይን ጥጆችን የገደለው ቁራጭ ከዚህ ወገን ነው።

የዚህ ወገን ልዩ ጠባይ ኤልቲአሩ በአጠገቡ ያለን ዘረመል «ሥራ ጀምር» ብሎ የማዘዝ ኃይል ያለው መሆኑ ነው። ሰማያዊ እንቁላል የምትጥለው ዶሮ ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት። ኤስኤልሲኦ1ቢ3 የተባለው ዘረመል በተለመደው ዶሮ ውስጥ የሚሠራው በጉበት ነው። ኢኤቪ-ኤችፒ የተባለ ሬትሮቫይረስ ከዚህ ዘረመል በፊት ሲሰካ ግን ዘረመሉ የእንቁላል ቅርፊት በሚሠራበት የማሕፀን ክፍል ውስጥም መሥራት ይጀምራል፤ ቢሊቨርዲን የተባለው ሰማያዊ አረንጓዴ ቀለምም በቅርፊቱ ላይ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተሙት ጥናቶች ያሳዩት አስገራሚ ነገር የቻይናዎቹ ዶንግሺያንግና የደቡብ አሜሪካዎቹ ማፑቼ ዶሮዎች ይህን ባሕርይ አንዱ ከሌላው አለመውሰዳቸው ነው። ቁራጩ ከአንድ ቤተሰብ ቢሆንም የተሰካበት ነጥብ ይለያያል፤ ስለዚህ አጋጣሚው ሁለት ጊዜ ተፈጽሟል።

በበግ ውስጥ ኢኤንጄኤስአርቪ የተባለው ወገን 27 ያህል ቅጂ አለው። የውጭ ዘመዱ የሆነው ቫይረስ የበግ ሳንባ ካንሰር ያመጣል፤ በክሎኒንግ የተፈጠረችው ዶሊ እ.ኤ.አ. በ2003 እንድትሞት የተደረገችው በዚሁ በሽታ ተይዛ ነው። ውስጣዊው ግን በተቃራኒው የእንግዴ ልጅ በደንብ እንዲያድግ ያስፈልጋል፤ በእርጉዝ በጎች ላይ ሥራው እንዲታገድ ሲደረግ እርግዝናው ይቋረጣል። ከዚህም ሌላ ለታሪክ አጥኚዎች ጠቅሟል። አንድ ቁራጭ በአጋጣሚ አንድ ነጥብ ላይ ሁለት ጊዜ ይሰካል ተብሎ ስለማይጠበቅ፣ ሁለት በጎች አንድ ነጥብ ላይ አንድ ቁራጭ ከተገኘባቸው ከአንድ አያት ወርሰውታል ማለት ይቻላል። በዚህ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2009 በጎች ከደቡብ ምዕራብ እስያ ከአንድ ጊዜ በላይ በተለያየ ማዕበል መሰራጨታቸው ታየ፤ የመጀመሪያው ማዕበል ቅሪት በስኮትላንድ ደሴቶች ያሉትን ሶይ በጎች በመሳሰሉ ጥንታዊ ዝርያዎች ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የጃፓን ተመራማሪዎችም በሳይኖች አማካይነት ተመሳሳይ ስሌት ሠርተው ጉማሬ ከአሳማ ይልቅ ለዓሣ ነባሪ የቅርብ ዘመድ መሆኑን አረጋግጠዋል።

ሁለተኛው መደብ በአጭሩ የሚታለፍ ነው። ትራንስፖዜዝ በተባለ ኢንዛይም ተቆርጠው ወጥተው ሌላ ቦታ የሚሰኩት የዲኤንኤ ትራንስፖዞኖች እዚህ ይገባሉ፤ ሄሊትሮን የተባሉት በመሽከርከር የሚገለበጡትም ከእነሱ ጋር ይቆጠራሉ። በላም ጂኖም ውስጥ ድርሻቸው ከመቶ ሁለት ያህል ሲሆን፣ ማሪነርና ኤችኤቲ የተባሉት ታላላቅ ቤተሰቦች ቅሪት በብዛት ይታያል። በቤት እንስሳት ውስጥ የሚታወቁት ሁሉ ከሞቱ ሚሊዮኖች ዓመታት አልፈዋል።

እ.ኤ.አ. በ2007 ቶማስ ዊከርና ባልደረቦቹ የፊኔጋንን ክፍፍል አስፍተው መደብ፣ ንዑስ መደብ፣ ረድፍ፣ ታላቅ ቤተሰብ፣ ቤተሰብና ንዑስ ቤተሰብ የሚል መሰላል ሠሩ። ለቤተሰብ ያስቀመጡት መስፈርት በሙያው «80-80-80» ይባላል፤ ሁለት ቁራጮች ቢያንስ 80 ፊደል በሚረዝም፣ ከርዝመታቸውም 80 በመቶውን በሚሸፍን ክፍል ላይ 80 በመቶ ከተመሳሰሉ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ቁጥሩ ከተፈጥሮ የተነበበ ሳይሆን ሰዎች የተስማሙበት ነው። ያረጀና የተበጣጠሰ ቁራጭ ላይ ሲደርሱ መስፈርቱ ይንገዳገዳል፤ ስለዚህም በየመረጃ ቋቱ የአንዱ ቁራጭ ስም እየተለያየ ተመራማሪን ያደክማል።

ሥራው በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት ሪፒትማስከር ከተባለው ፕሮግራም ውጤት አንድ መስመር ማንበብ ይበቃል። ፕሮግራሙ ጂኖሙን ዲፋምን ወይም ሬፕቤዝን ከመሰሉ መዝገቦች ጋር ያመሳክርና ለእያንዳንዱ ቁራጭ አንድ መስመር ይጽፋል። በመስመሩ ላይ ክሮሞሶሙ፣ መጀመሪያውና መጨረሻው፣ የቁራጩ ስም፣ ከዚያም «ላይን/አርቲኢ-ቦቭቢ» ወይም «ኤልቲአር/ኢአርቪኬ» የሚል ምድብ ይገኛል። እኔ መጀመሪያ የማየው ግን ከመዝገቡ ናሙና በመቶ ስንት እንደሚለይ የሚናገረውን ቁጥር ነው። 25 በመቶ የሚለይ ቅጂ በጣም ያረጀ ነው፤ 1 በመቶ የሚለይ ግን ትናንት የገባ ያህል ነው፤ አንዱ ከብት ኖሮት ሌላው የማይኖረውም እንዲህ ያለው ነው። በውስጣዊ ሬትሮቫይረስ ላይ ደግሞ ሌላ ሰዓት አለ፤ ሁለቱ ኤልቲአሮች ሲሰኩ አንድ ስለነበሩ በመካከላቸው የተፈጠረው ልዩነት ዕድሜያቸውን ይናገራል።

ከመዝገብ ውጭ የሆነ አዲስ ቁራጭ ሲገኝም አሻራው ከግራና ቀኙ ይነበባል። ቁራጭ ሲሰካ ዲኤንኤው በሁለቱ ክሮች ላይ እኩል ቦታ ስለማይቆረጥ፣ ክፍተቱ ሲሞላ ጥቂት ፊደላት በሁለቱም በኩል ይደገማሉ። ድግግሞሹ ቲኤ የሚሉ ሁለት ፊደላት ብቻ ከሆነ ማሪነርን፣ ስምንት ከሆነ ኤችኤቲን፣ ከአራት እስከ ስድስት ከሆነ የኤልቲአር ወገንን ያስጠረጥራል፤ ከዚያ የሚረዝምና ከአንዱ ቅጂ ወደ ሌላው የሚለያይ ከሆነ፣ በተለይም ቁራጩ በተከታታይ «ኤ» ፊደላት የሚያልቅ ከሆነ፣ የላይን ኢንዛይም ሥራ ነው።

የሆልስታይኑን በሽታ የመከላከሉ ሥራም በዚህ ዝርዝር ላይ የቆመ ነበር። መጀመሪያ የተሠራበት ምርመራ ቁራጩን ራሱን ሳይሆን በአጠገቡ ያሉትን የዘረመል ምልክቶች የሚያይ ነበር። ችግሩ እነዚያን ምልክቶች የያዙ፣ ቁራጩ ግን ያልተሰካባቸው የጥንት ዘመዶች መኖራቸው ነው፤ ስለዚህ ንጹሕ ኮርማ ተሸካሚ እየተባለ ይመዘገብ ነበር። የተሰካበት ነጥብ ከታወቀ በኋላ ግን ከቁራጩ ውጭና ከቁራጩ ውስጥ በሚነሡ አጫጭር የዲኤንኤ መነሻዎች በፒሲአር፣ ማለትም የተመረጠን የዲኤንኤ ክፍል በሚያባዛ ዘዴ፣ በቀጥታ መለየት ተቻለ፤ የተባዛው ዲኤንኤ በርዝመቱ በሚለይበት ጄል ላይ አንድ መስመር ብቻ ያሳየ እንስሳ ወይ ንጹሕ ወይ በሽተኛ ነው፤ ሁለት መስመር ያሳየው ተሸካሚ ነው። የሆልስታይን አባላዘር በሰው ሠራሽ ዘዴ ለማዳቀል በሚገባባቸው አገሮች ሁሉ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ የኮርማው መረጃ ላይ ይህ ውጤት መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ተገቢ ነው።

የአገር ውስጥ ዝርያዎችን ለሚያጠና ሰው ግን ሌላ እንቅፋት አለ። ለረጅም ጊዜ የዓለም ከብቶች ሁሉ ዲኤንኤ የሚመሳከረው ከዶሚኔት፣ ማለትም ከአንዲት አውሮፓዊ ዝርያ ላም፣ ጋር ነው። ከቦረና ወይም ከሸኮ ከብት የተነበበ 150 ፊደል የሚያህል አጭር ጽሑፍ ዶሚኔት ላይ ከሌለ ቁራጭ የመጣ ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩ ወይ ይጥለዋል ወይ ከሌላ ተመሳሳይ ቅጂ ጋር ያምታታዋል። በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ፊደላትን በአንድ ጊዜ የሚያነቡ መሣሪያዎች ይህን ችግር ብዙ አቃልለውታል፤ ምክንያቱም አንድ ንባብ ቁራጩን ሙሉ በሙሉ አልፎ ከግራና ቀኙ ያለውን ልዩ ጽሑፍ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የምዕራብ አፍሪካው ንዳማና የምሥራቅ አፍሪካው አንኮሌ ጂኖሞች ተነበው፣ ከአውሮፓውያኑ ዝርያዎችና ብራህማን ከተባለው የዜቡ ዝርያ ጋር በአንድ መረብ መልክ ተያይዘው ታተሙ። በዚያ መረብ ላይ ዶሚኔት የሌላት ቁራጭ የራሱ ቅርንጫፍ ይኖረዋል፤ የቦረና ላም ንባብም የሚቀመጥበት ቦታ ያገኛል።